«ዝም ብሎ ይገጥማል» ሲሉህ፦ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ለ1967 ሙስታንግ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? 1967 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ። ሞተሩ 289 ቪ8 ነው፣ ካርቡሬተሩ ባለ ሁለት አፍ። ካምቢዮው የፋብሪካው ባለ 4 ማርሽ ቶፕሎደር ነው፣ ዲፍረንሻሉ 3.25። ከተማ ውስጥ እወደዋለሁ። ረጅም መንገድ ስወጣ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ጆሮዬ ይደክማል። አሁን ከ1991 ሙስታንግ 5.0 የወጣ ባለ 5 ማርሽ ቲ-5 ካምቢዮ አገኘሁ። ከነፍሪሲዮን ቤቱ፣ ከነቮላኖው፣ ከነፍሪሲዮኑ ነው የሚሸጡልኝ። ሰዎች ‹ሁለቱም ፎርድ ስለሆኑ ዝም ብሎ ይገጥማል› ይሉኛል። እውነት ነው? ከመጀመሬ በፊት ምን ልወቅ?»

ወንድሜ፣ እንኳን ከመፍታትህ በፊት ጠየቅህ። ካምቢዮውን ግዛው። ለመኪናህ ጥሩ ምርጫ ነው። «ዝም ብሎ ይገጥማል» የሚለውን ግን እርሳው። ይገባል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፣ መኪናውም ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት የተቀየሩ ካምቢዮዎች አብዛኞቹ በራሳቸው ድክመት የተበላሹ አይደሉም። ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ስላልተቀመጡ ነው የተበሉት። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምጽፍልህ ውስጥ ሌላው ቢጠፋህ የፍሪሲዮን ቤቱን፣ ማለትም ከሞተሩና ከካምቢዮው መሀል ያለውን የደወል ቅርጽ ያለው ሽፋን፣ አለካክ አትርሳ። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እመለሳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ምን እንደምታገኝ በቁጥር እንየው። ጎማህ መሬት ላይ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.93 ሜትር ይሄዳል እንበል። በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ ለታሰረ 195/70 ጎማ ይህ ቅርብ ቁጥር ነው። ራስህ ለካው፦ ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ አንድ ዙር ግፋ፣ በሜትር ለካ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በደቂቃ 864 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዲፍረንሻሉ 3.25 ነው ማለት ጎማው አንዴ ሲዞር የካርዳን ዘንጉ 3.25 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ስታባዛው ወደ 2800 ይመጣል። ዛሬ በ4ኛ ማርሽ ሞተርህ የሚዞረው በዚህ ፍጥነት ነው። የ1991ዱ ቲ-5 5ኛ ማርሹ 0.68 ስለሆነ ያው 2800 ወደ 1900 ይወርዳል። በደቂቃ 900 ዙር ቀነሰልህ ማለት ነው። ጆሮህ ወዲያው ያውቀዋል።

ከታች በኩል ግን ዋጋ አለው። የአንተ ቶፕሎደር በማርሾቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ያለው ዓይነት ከሆነ 1ኛ ማርሹ 2.78 ነው። የቲ-5ቱ 3.35 ነው። በዲፍረንሻሉ አባዛው፦ ዛሬ 9.0፣ ነገ 10.9። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይፈናጠራል፣ ግን ገና ሳትዝናና 2ኛ ትለዋለህ። አንዳንድ ሰው ይወደዋል፣ አንዳንዱን ያበሳጨዋል። ገና እያፈላለግህ ብትሆን ኖሮ 1ኛው 2.95፣ 5ኛው 0.63 የሆነውን ቲ-5 ዜድ የሚባለውን እመክርህ ነበር። ለ3.25 ዲፍረንሻል እሱ የበለጠ ይስማማል። አሁን ያገኘኸው ንጹህ ከሆነ ግን ለዚህ ብለህ አትተወው። 1ኛው በጣም ካጠረብህ በኋላ ዲፍረንሻሉን 3.00 ማድረግ ትችላለህ። 5ኛውን ደግሞ ዳገት ላይ አታስገድደው። ከ90 በላይና ሜዳ ላይ የምታርፍበት ማርሽ ነው። ዳገት ሲመጣ 4ኛ በል።

ይችለዋል ወይ? ይችላል። ከ1990 እስከ 1993 የነበሩት የሙስታንግ ቪ8 ቲ-5ዎች የተመደበላቸው ጉልበት 407 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የአንተ ሞተር በዘመኑ አለካክ 382 ተብሎ ነው የወጣው። ያ አለካክ ደግሞ ሞተሩን ከነማራገቢያውና ከነጭስ ማውጫው ሳይሆን ብቻውን ነበር የሚለካው፤ በእውነቱ ከዚያ ያንሳል። ከ1985 እስከ 1989 ያሉት ግን 359 ስለሆኑ ለአንተ ጠርዝ ላይ ናቸው። ከ4 ሲሊንደር ሙስታንግ የወጣውን ደግሞ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ከካማሮ የወጣም አለ። ስሙ አንድ ነው፣ ካምቢዮው ግን 17 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሞ የሚታሰር ነው። የ1994 እና የ1995 ሙስታንጎች ደግሞ የመግቢያ ዘንጋቸው ረዘም ይላል፣ ከሌላው ጋር አይለዋወጥም።

ስለዚህ «ከ1991 መኪና ነው» የሚለውን በቃል አትመን። የካምቢዮው ጭራ ላይ፣ በአንዱ ብሎን የታሰረች ትንሽ የብረት ታርጋ አለች። በ1352 የሚጀምር ቁጥር ተጽፎባታል። ያንን ቁጥር ከዝርዝር ጋር ስታመሳክር ከየትኛው መኪና እንደወጣና ማርሾቹ ስንት እንደሆኑ ይነግርሃል። ታርጋዋ ከሌለች ከፊት በኩል ተመልከት። ከመግቢያ ዘንጉ በታች ያለው ክብ ቦታ ላይ የኩሽኔታ የብረት ቀለበት ከታየህ አዲሱና ጠንካራው «ወርልድ ክላስ» የሚባለው ዓይነት ነው። በሱ ፈንታ ለስላሳ ቆርቆሮ መክደኛ ካየህ የቀድሞው ነው። ከዚያ የመግቢያ ዘንጉን ይዘህ አሽከርክር፣ ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገባ። ዘይቱን ጣትህ ላይ አፍስሰህ በብርሃን እየው። ደቃቅ ወርቃማ ብናኝ የተለመደ ነው። ጥፍር የሚይዘው የብረት ስባሪ ካለ ካምቢዮው መፈታት አለበት።

አሁን ወደ ቮላኖው፣ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ወደሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት። አብሮ የሚሸጥልህ ቮላኖ መኪናህ ላይ እንዳይታሰር። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፎርድ ትንሹ ቪ8 ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሞተሩ ውጭ ባለ ክብደት ነው፦ ከፊት ፑሌው ጋር ባለችው ቀለበትና ከኋላ በቮላኖው። የአንተ 289 በ28 አውንስ ነው የተመዛዘነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ የ5.0ውን ወደ 50 አውንስ ቀየረው። ሁለቱ ቮላኖዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ብሎኑም ልክ ነው፣ ይታሰራል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ካርቡሬተር ያስተካክላል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ የሞተር ጎማ ይቀይራል፣ አይጠፋለትም። በመጨረሻ የሚጎዱት የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች ናቸው።

የራስህን ቮላኖ አቆየው። ፊቱን ብቻ ቶርኖ ቤት አስጠርገው። ደስ የሚለው ደግሞ የቲ-5ቱ የመግቢያ ዘንግ 10 ጥርስ፣ ውፍረቱ 1 ከ1/16 ኢንች ነው። ከአንተ ቶፕሎደር ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የፍሪሲዮን ሸራህ ይሰካለታል። አንድ ነገር ግን ቁጠር፦ የቮላኖህን ጥርስ። 157 ወይም 164 ይሆናል። የ5.0ው የፍሪሲዮን ቤት ለ157 የተሰራ ነው። ሞተሪኖውም ከጥርሱ ብዛት ጋር ነው የሚሄደው።

ወደ ፍሪሲዮን ቤቱ እንምጣ። አብሮ የመጣው ከሞተርህ ጋር ይታሰራል። ግን የተሰራው በካቦ ለሚሳብ ፍሪሲዮን ነው። የአንተ ሙስታንግ ደግሞ ፔዳሉ በዘንግና በመሸጋገሪያ ብረት ነው የሚገፋው። እሱን ከመረጥክ ፔዳሉን ወደ ካቦ ወይም ወደ ሃይድሮሊክ መቀየር አለብህ። እኔ ብሆን የራስህን የፍሪሲዮን ቤት አልነካውም ነበር። በቶፕሎደርና በቲ-5 የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስታርቅ ለዚሁ የተሰራ ማገናኛ ሰሌዳ አለ። የፔዳሉ ዘንጎች እንዳሉ ይቀራሉ። መኪናውም ነገ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ ይችላል። ለዚህ ዘመን መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰሌዳው ሲገባ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ካምቢዮው አሁንም የክራንክ ሻፍቱ መሀል ላይ ነው ወይ?

እስቲ አስበው። የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ በሁለት ቦታ ነው የሚያዘው። አንዱ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ሌላው ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ውስጥ የተቀበረችው ትንሿ ቡሽ ናት። የካምቢዮው ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው የፍሪሲዮን ቤቱ የኋላ ክብ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከክራንክ ሻፍቱ መሀል ትንሽ ከሸሸ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል። በደቂቃ 2000 ዙር፣ በሰዓት 120,000 ዙር። ቡሿ መጀመሪያ ትበላለች። ከዚያ ኩሽኔታው ማጉረምረም ይጀምራል። ከዚያ ማርሽ ይተፋል። ፍሪሲዮን ረግጠህም ማርሽ አልገባ ይላል። አንድ ጊዜ ሁለት ካምቢዮ ተቀይሮለት ሦስተኛው ማጉረምረም የጀመረ መኪና መጣልኝ። ሁሉም ሰው ካምቢዮዎቹን ነበር የሚወቅሰው። ስለካው ቀዳዳው ከመሀል 0.45 ሚሊ ሸሽቷል። የሚፈቀደው 0.13 ሚሊ ነው። ያንን አስተካክለን ሦስተኛውን ካምቢዮ በአዲስ ኩሽኔታ መለስነው። ድምፁ ጠፋ።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ከነማግኔት እግሩ ያስፈልግሃል። ባይኖርህ ተዋስ፣ ግን ያለሱ አትግጠም። ቮላኖውን እሰር፣ ፍሪሲዮኑን ግን ገና አታስገባ። በሞተሩና በፍሪሲዮን ቤቱ መካከል ያለችውን ስስ ቆርቆሮ በቦታዋ መልስ። የሚገናኙት ፊቶች ላይ ቀለምም ሆነ ዝገት እንዳይኖር በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። የፍሪሲዮን ቤቱን አጥብቀህ እሰር፣ ማገናኛ ሰሌዳውንም ከኋላው እሰር። መለካት ያለብህ የሰሌዳውን ቀዳዳ ነው፣ የቤቱን አይደለም። ካምቢዮው የሚቀመጠው ሰሌዳው ውስጥ ነውና። ብዙ ሰው ቤቱን ብቻ ለክቶ «ጥሩ ነው» ይልና ሰሌዳውን ሳይለካ ይደርብበታል።

የማግኔቱን እግር ቮላኖው ላይ ትከል፣ የጌጁን ጫፍ ከቀዳዳው የውስጥ ግድግዳ ጋር አገናኝ። ካንዴላዎቹን ንቀል፣ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞርልህ። መርፌውን 12 ሰዓት አቅጣጫ ላይ ዜሮ አድርግ። ቀስ ብለህ ክራንክ ሻፍቱን አዙርና 3፣ 6 እና 9 ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ይህን ያገኘህ እንበል፦ 12 ላይ 0፣ 3 ላይ 0.10፣ 6 ላይ 0.40፣ 9 ላይ 0.30። መጀመሪያ ትይዩዎቹን ደምር። 12 እና 6 ሲደመሩ 0.40፣ 3 እና 9 ሲደመሩም 0.40። እኩል ናቸው፣ ልኬትህ ትክክል ነው። እኩል ካልሆኑ ጌጁ ተነቃንቋል፣ እንደገና ጀምር።

አሁን ልዩነታቸውን ለሁለት ክፈል። ከላይ ወደ ታች 0.20 ሚሊ፣ በጎን 0.10 ሚሊ ሸሽቷል። መርፌው ብዙ የተገፋበት ወገን ግድግዳው ለክራንክ ሻፍቱ የቀረበበት ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ላይና ትንሽ ወደ 3 ሰዓት ሄዷል። በድምሩ 0.22 ሚሊ ገደማ ነው። ይህ ከ0.13 ይበልጣል፣ መስተካከል አለበት። የሚስተካከለው የፍሪሲዮን ቤቱን ከሞተሩ ጋር በሚያስተካክሉት ሁለት ፒኖች ነው። ከመሀላቸው ትንሽ የወጡ ፒኖች ይሸጣሉ፣ በሦስት ልክ፦ 0.18፣ 0.36 እና 0.53 ሚሊ። ለዚህ ምሳሌ የ0.18ቱን ትወስዳለህ። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታችና ትንሽ ወደ 9 ሰዓት እንዲያዩ አዙረህ ታስገባቸዋለህ። እንደገና ስትለካ የሚቀረው 0.05 ሚሊ እንኳ አይሞላም። በጣም ጥሩ።

ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይወስድብሃል። ፒኑ አንዳንዴ ይጣበቃል፣ ማውጣቱ ትዕግስት ይጠይቃል። ቢሆንም ከጠቅላላ ሥራው ውስጥ ይህን ግማሽ ቀን አትሰስት። ከዚያ በኋላ የቀዳዳውን ፊት ራሱንም በጌጁ ዳሰው። ጫፉን ፊቱ ላይ አድርገህ፣ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ገፍተህ እንደያዝክ አዙር። ፊቱ ዘመም ያለ ከሆነ ካምቢዮው መሀሉን ቢይዝም አንገቱን ያዘነብላል።

ትንሿን ቡሽ አዲስ አድርጋት። አሮጌዋን ለማውጣት ቀዳዳዋን በግሪስ ሙላው፣ ልክ የሚሆናትን ብረት አስገባና በመዶሻ ምታ። ግሪሱ ከኋላ ይገፋትና ትወጣለች። ሰሌዳው ካምቢዮውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የዘንጉ ጫፍ ቡሿ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ለካ። ከሰሌዳው ፊት እስከ ቡሿ ድረስ ያለውን ርቀት ውሰድ፣ ከካምቢዮው ፊት እስከ ዘንጉ ጫፍ ካለው ጋር አስተያይ። ጫፉ ቡሿን በደንብ መያዝ አለበት፣ ግን ከሥር ክራንክ ሻፍቱን መንካት የለበትም።

ካምቢዮውን ስታስገባ የቲ-5 ክብደት 34 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከቶፕሎደሩ በጣም ይቀላል። ቢሆንም ዘንጉ ሸራው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በክሪክ ደግፈው። እና ይህን በልብህ ያዝ፦ በእጅ ገፍተህ እስከ ፊቱ ድረስ ካልገባ፣ በብሎን አትሳበው። ወጣት ሳለሁ ሳብኩት። 10 ሚሊ ያህል ክፍተት ቀርቶ ነበር፣ መሽቶ ነበር፣ ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቃል። ብሎኑን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ አጠበቅኩ። ከዚያ ቀጭን «ጣቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአሉሚኒየሙ ጆሮ ተሰንጥቋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሰበቡ ሸራው መሀል ላይ አለመታሰሩ ብቻ ነበር። ፈትቶ ሸራውን በመሀል ማስያዣው ማስተካከል አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከገባ በኋላ ፔዳሉን አስተካክል። በእጅህ ስትጫነው ምንም ሳይከብድህ 25 ሚሊ ያህል መውረድ አለበት፣ ከዚያ ነው በፔዳሉ የሚገፋው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ፍሪሲዮኑን መንካት ያለበት። ይህ ክፍተት ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ይዞራል፣ ፍሪሲዮኑም ያንሸራትታል።

ወደ ኋላ እንሂድ። የቲ-5ቱ የኋላ ሱፖርት ከቶፕሎደሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ተሸካሚው ብረት መቀየር አለበት። ለዚህ መኪና በብሎን የሚታሰር ዝግጁ ብረት አለ። ሻንሲ ላይ ብየዳ አታስነሳ። ወለሉንም አትቁረጥ። ቲ-5 ለዚህ ሙስታንግ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ወለሉ ሳይነካ ይገባል። የማርሽ ዘንጉ ከቀዳዳው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ዘንጉን አጥፈህ አስተካክለው። ባለ 6 ማርሹን ትሬሜክ ቲ-56 ብትመርጥ ኖሮ ወለሉን መቁረጥ ግድ ይሆንብህ ነበር።

የካርዳን ዘንጉ ምናልባት እንዳለ ያገለግልህ ይሆናል። በ«ምናልባት» ግን አትሂድ። የቲ-5ቱ መውጫ 28 ጥርስ ነው። የሚንሸራተተውን አንገት አስገባ፣ እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ መልሰህ አውጣው። መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ዘንጉ እዚያ ቦታ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። ረዘም ካለ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ካምቢዮውን ከኋላ ይመታዋል። አጠር ካለ ጥርሱን በደንብ አይዝም።

ቀጥሎ አንግሉን ለካ፣ አሁንም መኪናው በጎማው ቆሞ። የካምቢዮው መውጫ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ዲፍረንሻሉ 3 ዲግሪ ወደ ላይ ማየት አለበት። ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ። በእያንዳንዱ ክሮቼራ (የካርዳን ዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ) ላይ የሚቀረው መታጠፍ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ዜሮም ጥሩ አይደለም። ክሮቼራው ውስጥ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ትንሽ ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይቆፍራሉ። ካልተስተካከለልህ ከሱፖርቱ ሥር ስስ ላሜራ እየጨመርክ ወይም እየቀነስክ ካምቢዮውን ከፍ ዝቅ አድርግ። ይህን ዘለህ መኪናው 80 ላይ መንዘር ከጀመረ ጎማ ሚዛን ማሠራትህ ምንም አይፈይድልህም።

የፍጥነት መለኪያውን ካቦ አትርሳ። የ1991ዱ ካምቢዮ የካቦ መውጫ አለው፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ባለ 7 ጥርስ ነጂ ማርሽ አለ። ካቦው ጫፍ ላይ የምትሰካዋን የፕላስቲክ ማርሽ የምትመርጠው በሒሳብ ነው። ጎማህ በአንድ ማይል ስንት ጊዜ እንደሚዞር አውጣ፦ 1609 ሜትር ለ1.93 ሲካፈል 834። 7 ጥርስ በ3.25፣ ያንን በ834 አባዛና ለ1000 አካፍል። 19 ይመጣል። ባለ 19 ጥርሷን ግዛ። ዲፍረንሻሉን ወደ 3.00 ከቀየርክ ሒሳቡን እንደገና ሥራ፣ ከ17 እስከ 18 ይወርዳል።

ዘይቱን በተመለከተ አሮጌ ልማድ ያታልላል። ቶፕሎደሩ ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው የሚጠጣው። ወርልድ ክላስ ቲ-5 ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን ነው የሚፈልገው። 2.65 ሊትር ገደማ። ማርሾቹን የሚያመሳስሉት ቀለበቶች በጨርቅ መሰል ሽፋን የተለበጡ ናቸው። ወፍራም ዘይት ውስጥ በደንብ አይይዙም፣ ማርሽ አልገባ ይላል። በጎን ባለው መሙያ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ መፍሰስ ሲጀምር በቃው። የኋላ መብራቱን ስዊች ሽቦም ያኔውኑ አገናኝ፣ መኪናው ከወረደ በኋላ እጅ አይደርስም።

ቶፕሎደሩን አትሽጠው። ጠንካራ ካምቢዮ ነው፣ የመኪናህም የራሱ ነው። ዘይቱን አፍስስ፣ ውስጡን በአዲስ ዘይት አርጥበው፣ ቀዳዳዎቹን ድፈን፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ። ከነብሎኖቹ፣ ከነተሸካሚ ብረቱ፣ ከነማርሽ ዘንጉ በአንድ ሳጥን።

የመጀመሪያ ቀን ስትወጣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ራዲዮውን ዝጋ። ቆመህ በኒውትራል ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ስትለቅ የሚመጣ፣ ስትረግጥ የሚጠፋ ጉርምርምታ ካለ ከመግቢያ ኩሽኔታው በኩል ነው። በተገላቢጦሽ ስትረግጥ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው፣ ወይም ቡሿ ናት። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ቤት ተመለስ፣ ሥሩ ግባና የዘይት ጠብታ ፈልግ፣ የሱፖርቱን፣ የካምቢዮውንና የካርዳኑን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ።

ከዚህ በፊት ግን ዳያል ጌጁን ተውሰህ ለካ። አራቱን ቁጥሮች፣ 12፣ 3፣ 6 እና 9 ላይ ያገኘኸውን፣ የቮላኖህን ጥርስ ብዛት ጨምረህ ጻፍልኝ። ፒኑን በየት በኩል ማዞር እንዳለብህ አብረን እናየዋለን።